ኢንትሮፒ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1789 ፈረንሳዊው አንትዋን ላቯዚዬ ባሳተመው የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከዚያ ወዲያ ሊከፋፈሉ አይችሉም ያላቸውን 33 ንጥረ ነገሮች በሰንጠረዥ ደርድሯል። ከኦክስጅንም ከሃይድሮጅንም በላይ፣ በሰንጠረዡ አናት ላይ የሰፈሩት ሁለቱ ዛሬ በየትኛውም የኬሚስትሪ ክፍል ግድግዳ ላይ አይታዩም፤ ብርሃንና ካሎሪክ ናቸው። ካሎሪክ ክብደት የሌለው፣ ከሞቀው አካል ወደ ቀዘቀዘው የሚፈስ የሙቀት ፈሳሽ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ሰባ ዓመት ሳይሞላ ሁለቱም ከዝርዝሩ ተፋቁ። ብርሃን ሞገድ ሆኖ ተገኘ፤ ሙቀትም ኢነርጂ ከአካል ወደ አካል የሚሻገርበት አንዱ መንገድ እንጂ ራሱን የቻለ ቁስ አለመሆኑ ታወቀ።

ከሰንጠረዥ የተፋቀ ሁሉ ግን ከአእምሮ አይፋቅም። የቴርሞዳይናሚክስና የሞገድ ኦፕቲክስ መግቢያ ትምህርት የሚወስድ ተማሪ ዛሬም «በዚህ ብረት ውስጥ ያለው ሙቀት ስንት ነው?» ይላል። ሁለት ብርሃኖች ተገናኝተው ጨለማ ሲፈጥሩ ሲያይም «ብርሃኑ የት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። መምህራን ብዙውን ጊዜ ቀመሩን አስጨብጠው ያልፋሉ፤ ተማሪውም ፈተናውን ያልፋል፤ ጥያቄው ግን ባለበት ይቀራል። ጥያቄው የስንፍና አይደለም። ከሥሩ የፊዚክስ ሊቃውንትንና ፈላስፎችን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያከራከረ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ሙቀት፣ ትርምስና «ጠፋ» የሚባል ሥርዓት የተፈጥሮ ንብረቶች ናቸው፣ ወይስ ተመልካቹ ዝርዝሩን መከታተል ስላልቻለ የሰጣቸው ስሞች?

መነሻው ሙቀትን ከመጠነ ሙቀት መለየት ነው። ይህን ልዩነት በ1760ዎቹ ግላስጎው ውስጥ ያጠራው ጆሴፍ ብላክ ነበር። በረዶ ሲቀልጥ ከእሳቱ ያለማቋረጥ ሙቀት ይቀበላል፤ ቴርሞሜትሩ ግን በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ከዜሮ ንቅንቅ አይልም። ለአዲስ አበባ ሰው ምስክሩ ከሰል ላይ የተጣደው ጀበና ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውሃም 92 ዲግሪ ሴልሽየስ ገደማ ላይ ይፈላል። ከሰሉን ቢያራግቡት ውሃው ቶሎ ይተን እንደሆነ እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። በባሕር ጠለል ደረጃ አንድ ኪሎ ውሃ ከዜሮ እስከ መቶ ዲግሪ ለማሞቅ 420 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል፤ ያንኑ ውሃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2,260 ኪሎጁል ያህል ይፈለጋል። ይህ ሁሉ ገብቶ መጠነ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ እንኳ አልጨመረም። የገባው ኢነርጂ በአብዛኛው ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ ካያያዛቸው ስበት ለማላቀቅ ውሏል።

ይህ ብቻውን ካሎሪክን አልገደለውም። እንዲያውም ብላክ ያገኘው ነገር «ድብቅ ሙቀት» ተብሎ ስለተጠራ፣ ፈሳሹ በውሃው ውስጥ ተደብቆ ተቀምጧል የሚለውን እምነት አጠናከረው። የከበደው ምት የመጣው ከመድፍ ፋብሪካ ነው። ካውንት ራምፈርድ በሚል ማዕረግ የሚታወቀው ቤንጃሚን ቶምሰን በ1798 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሙኒክ ውስጥ መድፍ ሲቦረቦር የታዘበውን ገለጸ። በደነዘዘ መሰርሰሪያ፣ በፈረስ ጉልበት እየተሽከረከረ የሚፈገፈገው ብረት በዙሪያው የነበረውን ውሃ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ አፈላው። ፍትጊያው እስካልቆመ ድረስ ሙቀቱም አላለቀም። ተቀድቶ የማያልቅ ነገር በዕቃ ውስጥ የተከማቸ ቁስ ሊሆን አይችልም ሲል ራምፈርድ ደመደመ።

ጄምስ ጁል በ1840ዎቹ ነገሩን በቁጥር አሰረው። ክብደት ወደ ታች ሲወርድ በውሃ ውስጥ የተዘፈቀ መቅዘፊያ ያሽከረክራል፤ ውሃውም ይሞቃል። እዚህ ላይ ብዙ መጻሕፍት ሮጥ ብለው የሚያልፉት ነገር አለ። ጁል ውሃውን ሲያሞቅ በጥብቅ አነጋገር ምንም ሙቀት አልሰጠውም፤ የሰጠው ሥራ ነው። ውሃው አንድ ዲግሪ ከሞቀ በኋላ በእሳት ይሁን በመቅዘፊያ መሞቁን በምንም ምርመራ ከራሱ ከውሃው ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ «በውሃው ውስጥ ያለው ሙቀት ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ከባድ ስለሆነ ሳይሆን መልስ ስለሌለው ይወድቃል። በውሃው ውስጥ ያለው ውስጣዊ ኢነርጂ ነው። ሙቀትና ሥራ ኢነርጂው የገባባቸው የሁለት በሮች ስሞች ናቸው።

በሮቹ ታዲያ በምን ይለያያሉ? ፒስተን ጋዝን ሲገፋ የፒስተኑ አተሞች በሙሉ በአንድ አቅጣጫ አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ እንቅስቃሴያቸውም በአንድ ቁጥር፣ ማለትም በፒስተኑ ቦታ ይገለጻል። ይህ ሥራ ነው። የጋለ ግድግዳ ጋዙን ሲነካ ደግሞ አተሞቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አቅጣጫ ይመታሉ፤ ግድግዳው በጠቅላላው ከቦታው አልተነሳም፤ ኢነርጂ ግን ተሻግሯል። ይህ ሙቀት ነው። በአተም ደረጃ ሲታይ ሁለቱም ያው መመታታት ናቸው። ልዩነቱ አንደኛውን በጥቂት ቁጥሮች መከታተል ሲቻል ሁለተኛውን ማንም ያልተከታተለው መሆኑ ነው። «ማንም ያልተከታተለው» የምትለው ሐረግ ተመልካቹን ወደ ፊዚክስ አስገባችው፤ ከዚያ ወዲያ ማስወጣት ቀላል አልሆነም።

ኢንትሮፒ የሚለውን ስም ያወጣው ሩዶልፍ ክላውዚየስ ነው፤ ዘመኑ 1865። ትርጉሙ በአንድ መስመር ይጻፋል፤ በተመላሽ ሂደት፣ ማለትም በዝግታ ሄዶ በማንኛውም ቅጽበት ወደ ኋላ ሊመለስ በሚችል ሂደት፣ ወደ አካሉ የገባው ሙቀት ለመጠነ ሙቀቱ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት የኢንትሮፒ ለውጥ ይባላል። ተማሪዎች በብዛት የሚወድቁት «በተመላሽ ሂደት» የምትለዋን ዘለው ነው። ግድግዳው ሙቀት በማያስተላልፍ ሳጥን ውስጥ አንድ ሞል ሃሳባዊ ጋዝ በግማሹ ታጥሮ፣ ሌላው ግማሽ ባዶ ነው እንበል። መከለያው ሲነሳ ጋዙ ሳጥኑን ይሞላል። ሙቀት አልገባም። የተገፋ ነገር ስለሌለ ሥራም አልተሠራም። ውስጣዊ ኢነርጂው አልተለወጠም፤ መጠነ ሙቀቱም ያው ነው። «ሙቀቱ ዜሮ ከሆነ ኢንትሮፒውም አልተለወጠም» ማለት የሚያጓጓ መደምደሚያ ነው፤ ግን ስሕተት ነው። ኢንትሮፒው 5.76 ጁል በኬልቪን ጨምሯል።

ቁጥሩ የሚገኘው እንዲህ ነው። ኢንትሮፒ በደረሱበት ሁኔታ የሚወሰን እንጂ በመጡበት መንገድ የሚወሰን መጠን ስላልሆነ፣ ከመጀመሪያው ሁኔታ ወደ መጨረሻው የሚያደርስ ሌላ ተመላሽ መንገድ መፈለግ ይቻላል። ጋዙ መጠነ ሙቀቱ ሳይለወጥ ፒስተንን በዝግታ እየገፋ ይዘቱን እጥፍ ቢያደርግ፣ በ300 ኬልቪን 1,730 ጁል ገደማ ሥራ ይሠራል፤ ያንኑ ያህል ሙቀትም ከአካባቢው ይቀበላል። ይህ ለ300 ሲካፈል 5.76 ይሰጣል። ከቁጥሩ ይልቅ ትርጉሙ ይበልጣል። መከለያው ዝም ብሎ በተነሳበት ጊዜ ከኢነርጂው አንዲት ጁል አልጎደለችም፤ የጠፋው ሊሠራ ይችል የነበረ የ1,730 ጁል ሥራ ነው። ጠፋ የተባለው ዕድል ነው። ዕድል ደግሞ ሁልጊዜ የአንድ አካል ነው፤ ፒስተን ያለው፣ ፒስተኑንም የት እንደሚያኖር የሚያውቅ አካል።

ሉድቪግ ቦልትስማን በ1877 ለዚህ የቆጠራ ፍች ሰጠው። ኢንትሮፒ፣ ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት በሚመስል ሁኔታ ሥር ስንት የሞለኪውሎች አደራደር እንዳለ የሚለካ ቁጥር ነው፤ ቀመሩ ቪየና በሚገኘው የመቃብር ሐውልቱ ላይ ተቀርጿል። ሞለኪውሎቹ በሙሉ ወደ ግማሹ ሳጥን ተመልሰው የሚሰበሰቡበት አደራደር ቁጥር ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር ከምንም የማይቆጠር ስለሆነ ጋዙ አይመለስም። የሥራ ባልደረባው ዮሴፍ ሎሽሚት ግን ከአንድ ዓመት በፊት አንድ እሾህ ተክሎ ነበር። እያንዳንዱ ግጭት ወደ ኋላም ሊሄድ የሚችል ነው፤ በአንዲት ቅጽበት የሁሉም ሞለኪውሎች ፍጥነት አቅጣጫው ቢገለበጥ ጋዙ የመጣበትን መንገድ ተከትሎ ወደ ግማሹ ሳጥን ይመለሳል። ታዲያ የማይመለስ ነገር ከተመላሽ ሕጎች እንዴት ይወለዳል? ከ«እያንዳንዱ ሞለኪውል» ወደ «ከውጭ ሲታይ» በተዘለለበት ቦታ ላይ አንድ ነገር መግባቱ ግልጽ ነው።

ኦፕቲክስ ለዚህ ክርክር የሚያመጣው ምስክርነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ሁለቱ ትምህርቶች በተለያየ ምዕራፍ፣ አንዳንዴም በተለያየ መምህር ስለሚሰጡ ይሆናል። ቶማስ ያንግ በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ለንደን ውስጥ እንዳሳየው፣ ከአንድ ምንጭ የወጣ ብርሃን በሁለት መንገድ ተጉዞ ሲገናኝ ተራ በተራ ብሩህና ጨለማ የሆኑ ጭረቶችን ይፈጥራል። የአንዱ ሞገድ ጉብታ በሌላው ስርጉድ ላይ ሲያርፍ ይጠፋፋሉ፤ ጉብታ በጉብታ ላይ ሲያርፍ ይደጋገፋሉ። አጉስታን ፍሬኔል ይህን ሐሳብ ወደ ሒሳብ ለውጦ በ1818 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ውድድር ሲያቀርብ፣ ከዳኞቹ አንዱ የነበረው ፖይሶን ስሌቱ እውነት ከሆነ በክብ ነገር ጥላ መሐል ላይ ብሩህ ነጥብ መታየት አለበት ብሎ ተከራከረ። ሐሳቡ የማይረባ መሆኑን ያሳያል ብሎ ነበር። ሌላው ዳኛ አራጎ ሞከረው፤ ነጥቡም ታየ።

ብርሃኑ የት ገባ ለሚለው መልሱ በቁጥር ቀላል ነው። የሚደመሩት የሞገዶቹ ከፍታዎች እንጂ ድምቀቶቹ አይደሉም፤ ድምቀት የከፍታ ካሬ ነው። እያንዳንዱ ብርሃን ብቻውን አንድ እጅ ድምቀት ቢኖረው፣ ሲደጋገፉ ከፍታው ሁለት፣ ድምቀቱ አራት ይሆናል፤ ሲጠፋፉ ዜሮ። የአራትና የዜሮ አማካይ ሁለት ነው፤ ሁለቱ ብርሃኖች ያመጡትም ያንኑ ነው። በጨለማው ጭረት ላይ የጎደለው በብሩሁ ላይ ተጨምሯል። በመነጽር ላይ የሚቀባው ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ንብርብርም እንዲሁ ነው፤ ከላይኛውና ከታችኛው ገጽ የሚመለሱት ሁለት ነጸብራቆች ሲጠፋፉ ኢነርጂው በመስታወቱ አልፎ ወደ ዓይን ይገባል።

አንድ ቀላል ሙከራ ነገሩን በቅርብ ያሳያል። በሽቦ ቀለበት የተያዘ የሳሙና ውሃ ገለፈት ቀጥ ብሎ ሲቆም ውሃው ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቀለማቱም በአግድም መስመር ይደረደራሉ። ሊፈነዳ ሲል አናቱ ላይ ጥቁር ሰንበር ይታያል። በዚያ ቦታ ገለፈቱ ከብርሃን የሞገድ ርዝመት እጅግ ስለሚሳሳ ሁለቱ ነጸብራቆች የሚጓዙት ርቀት እኩል ሊባል ይችላል፤ ተማሪው ተደጋግፈው ሊደምቁ ይገባ ነበር ብሎ ይጠብቃል። የማይደምቁበት ምክንያት፣ ከአየር መጥቶ በውሃው ፊት ላይ የሚነጥረው ሞገድ ሲመለስ ጉብታው ስርጉድ ሆኖ ስለሚገለበጥ፣ ከውሃው ወገን በኋለኛው ፊት ላይ የሚነጥረው ግን ስለማይገለበጥ ነው። ርቀታቸው እኩል ሆኖ በመገለባበጥ ይጠፋፋሉ፤ ሰንበሩም ይጠቁራል። ጥቁሩ ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ አይደለም። ብርሃኑ ደርሷል፤ ወደ ተመልካቹ ሳይነጥር ገለፈቱን አቋርጦ አልፏል።

ወደ ዋናው ጉዳይ የሚመልሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በአንድ ሳሎን ውስጥ ሁለት አምፖሎች ቢበሩ ግድግዳው ላይ ጭረት አይታይም፤ ድምቀቱ በየቦታው የሁለቱ ድምር ነው። የመግቢያ መጻሕፍት «ነጻ የሆኑ ሁለት ምንጮች የጭረት ንድፍ አይፈጥሩም» ብለው ይዘጉታል። አባባሉ ለፈተና ይበቃል፤ እውነቱን ግን ይሸፍናል። የሁለቱ አምፖሎች ሞገዶች በእያንዳንዷ ቅጽበት ይደራረባሉ፤ በዚያች ቅጽበት የሚደጋገፉበትም የሚጠፋፉበትም ቦታ አለ። ነገር ግን የአምፖል ብርሃን ከቁጥር ከሚያልፉ አተሞች የሚወጣ ስለሆነ፣ የሁለቱ ሞገዶች እርምጃ እርስ በርስ ተስማምቶ የሚቆየው ከአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ እጅግ ላነሰ ጊዜ ነው። ከዚያ ንድፉ ይዘላል፤ ብሩሁ ይጨልማል፤ ጨለማው ይበራል። ዓይን ደግሞ የተቀበለውን ለሃያኛ ሰከንድ ያህል አጠራቅሞ ነው የሚያየው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሚሊዮኖች የሚበልጡ ንድፎች ተደራርበው አማካያቸው ወጥ ድምቀት ይሆናል።

በ1963 ማግያርና ማንደል የተባሉ ተመራማሪዎች ከሁለት የተለያዩ ሌዘሮች የወጡ ጨረሮችን አገናኝተው፣ እርምጃቸው ሳይዛባ በሚቆይበት አጭር ጊዜ ውስጥ ፎቶ በማንሳት ጭረቶቹን አሳዩ። «አይፈጥሩም» የተባለው ስለ ብርሃኑ ሳይሆን ስለ ተመልካቹ ዝግታ የተነገረ ነበር። የሞገዶቹ እርምጃ አልጠፋም፤ አልተከታተሉትም። ሥራን ከሙቀት የለየው ነገር እዚህ ስምም ብርሃንን፣ ማለትም እርምጃው ተስማምቶ የሚቆየውን፣ ከስምም አልባው ሲለይ ይገኛል፤ በአንደኛው ወገን የተያዘ ዝርዝር፣ በሌላው ወገን አማካይ።

ሁለቱን መስኮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያገናኘው ሙከራ ኧርዊን ሃን በ1950 ያሳተመው የስፒን ማሚቶ ነው። በመግነጢስ መስክ ውስጥ ያሉ የሃይድሮጅን ኒውክሊየሶች በራዲዮ ምት ሲነኩ እንደ ሞገድ እርምጃቸውን አስተካክለው ይሽከረከራሉ፤ የሚለካ ምልክትም ይሰጣሉ። እያንዳንዱ ያለበት መስክ በጥቂቱ ስለሚለያይ ፍጥነታቸው ይለያያል፤ እርምጃቸው ይዛባል፤ ምልክቱም ይጠፋል። ማንም ሰው ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ኢንትሮፒው ጨመረ ይላል። ከዚያ ሌላ ምት ይሰጣል። የሚሆነው አብረው ከተነሱ በኋላ በፍጥነታቸው ልክ ተበታትነው የሚሮጡ ሯጮች በፊሽካ ድምፅ ሁሉም ባሉበት ዞረው በዚያው ፍጥነት ወደ መነሻው ሲመለሱ የሚሆነው ነው፤ ፈጣኑ ብዙ ርቆ ስለነበር ብዙ ይመለሳል፤ ሁሉም እኩል መነሻው ላይ ይደርሳሉ። ጠፍቶ የነበረው ምልክት ከምቱ በኋላ ማንም ሳይነካው እንደገና ይነሳል። ሎሽሚት በሐሳቡ የጠየቀው መገልበጥ፣ በተወሰነ መልኩ፣ በቤተ ሙከራ ተፈጸመ።

ስለዚህ «ጠፋ» የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከእይታ የተሰወረ፣ ዘዴውን ላወቀ ሰው የሚመለስ። ሁለተኛውም አለ፤ በሃን ሙከራ ውስጥ በሁለቱ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ሲረዝም ማሚቶው እየደከመ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ኒውክሊየሶቹ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በሚያደርጉት መነካካት የተረበሸው እርምጃ በዚያ ምት አይገለበጥም። እዚህ ላይ ሁለቱን የሚለየው ድንበር የተፈጥሮ ነው ወይስ የመሣሪያ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገ የተሻለ ምት የሚፈጥር ሰው ድንበሩን ይገፋው ይሆናል።

እስከ የት ድረስ? ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1867 ለወዳጁ ፒተር ቴት በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ እስከ ጫፍ ወሰደው። በሁለት ክፍሎች መካከል ትንሽ በር የሚጠብቅ፣ እያንዳንዱን ሞለኪውል የሚያይ ፍጡር ቢኖር፣ ፈጣኖቹን ወደ አንድ ወገን፣ ዝግተኞቹን ወደ ሌላው እያሳለፈ ያለ ምንም ሥራ አንዱን ያሞቃል፤ ሌላውን ያቀዘቅዛል። የኋላ ሰዎች የማክስዌል ጋኔን ያሉት ይህ ፍጡር፣ ኢንትሮፒ በራሱ አይቀንስም የሚለውን ሁለተኛውን የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ የሚያፈርሰው በጉልበት ሳይሆን በዕውቀት ነው። ትርምስ ማለት አለማወቅ ብቻ ከሆነ፣ ለሚያውቅ ሰው ትርምስ የለም ማለት ነው።

መልሱ አንድ መቶ ዓመት ያህል ወሰደ። ሊዮ ዚላርድ በ1929 ጋኔኑን ወደ አንዲት ሞለኪውል ሞተር አሳንሶ፣ አንዲት የ«ግራ ነው ወይስ ቀኝ» ዕውቀት ምን ያህል ሥራ እንደምታስገኝ አሰላ። በ1961 የአይቢኤሙ ሮልፍ ላንዳወር ያንኑ መጠን ከሌላ በኩል አገኘው፤ አንዲት ቢት መረጃ ከማስታወሻ ሲሰረዝ ቢያንስ ያን ያህል ሙቀት ወደ አካባቢው መውጣት አለበት፤ በክፍል መጠነ ሙቀት ይህ 3 × 10⁻²¹ ጁል ገደማ ነው። ቻርልስ ቤኔት በ1982 ሁለቱን አጋጠማቸው። ጋኔኑ ያየውን መመዝገብ አለበት፤ የማስታወሻው ቦታ ውሱን ነው፤ ሥራውን ለመቀጠል የቀደመውን መሰረዝ ይኖርበታል፤ ሲሰርዝ ያተረፈውን በሙሉ ይከፍላል። በ2012 የታተመ የሊዮን ተመራማሪዎች ሙከራ በሌዘር ብርሃን የተያዘች ደቃቅ ዶቃን በመጠቀም ይህን ዝቅተኛ ወጪ እስከ ድንበሩ ተጠግቶ ለካው። ለፍልስፍናው የሚተርፈው ውጤት ይህ ነው፤ አዋቂው ከተፈጥሮ ውጭ የቆመ ንጹሕ መንፈስ አይደለም፤ ዕውቀቱም በቁስ ላይ የተጻፈና ዋጋ ያለው ነው። ማወቅ ራሱ በኢንትሮፒ መዝገብ ውስጥ ይገባል።

የተመልካቹ ድርሻ በግልጽ የሚታይበት ሌላው ቦታ የጊብስ እንቆቅልሽ ነው። ሁለት የተለያዩ ጋዞች፣ ከእያንዳንዳቸው አንድ ሞል፣ በእኩል ግፊትና መጠነ ሙቀት ሆነው መከለያቸው ሲነሳ ይቀላቀላሉ፤ ኢንትሮፒም 11.5 ጁል በኬልቪን ይጨምራል። ጋዞቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን ጭማሪው ዜሮ ነው። ልዩነታቸው የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ጭማሪው ያው 11.5 ነው፤ ልዩነቱ ሲጠፋ በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ይዘላል። ኒዮንን እንውሰድ። ጋዙ በ1898 ሲገኝ አንድ ዓይነት ብቻ ነው ተብሎ ነበር፤ ክብደታቸው 20 እና 22 የሆኑ አተሞች እንዳሉት ጄ ጄ ቶምሰን ያሳየው በ1913 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቱን ዓይነቶች በሁለት ጠርሙስ ለያይቶ የያዘ፣ ልዩነታቸውን ግን የማያውቅ ሰው መከለያውን ቢያነሳ ምንም አልሆነም ይላል፤ ስሌቱም በእጁ ባሉት መሣሪያዎች ለሚሠራው ሥራ ሁሉ ትክክል ይሆናል። ልዩነቱን የሚያውቅ፣ አንዱን አሳልፎ ሌላውን የሚያግድ ወንፊት ያለው ሰው ደግሞ መቀላቀላቸውን እንደ ኪሣራ ይቆጥራል፤ መልሶ ለመለየትም ሥራ ይከፍላል። በአንድ ጠርሙስ ላይ ሁለት የኢንትሮፒ ስሌቶች፣ ሁለቱም ትክክል።

ከዚህ ተነስቶ የፊዚክስ ሊቁ ኢ. ቲ. ጄይንስ ኢንትሮፒ የተመልካቹ አለማወቅ መለኪያ ነው እስከ ማለት ሄዷል። ተቃዋሚዎቹም ጠንካራ መልስ አላቸው፤ ፈላስፋው ዴቪድ አልበርት ይህን በብርቱ ከሚከራከሩት አንዱ ነው። በሲኒ ያለ ቡና የሚቀዘቅዘው ማንም ሞለኪውሎቹን ስላልቆጠራቸው ሊሆን አይችልም። ሰው ከመፈጠሩ በፊትም በረዶ ይቀልጥ ነበር። አለማወቅ አካልን አያሞቅም፤ አያቀዘቅዝምም።

ሁለቱም ወገኖች ከፊል ትክክል ናቸው፤ የሚሳሳቱት ከሁለቱ አንዱ ብቻ መሆን አለበት ሲሉ ነው። ፍጥነት ከምን አንጻር እንደሚለካ ካልተነገረ ትርጉም የለውም፤ መለኪያው ከተነገረ በኋላ ግን የማንም አስተያየት አይደለም። ኢንትሮፒም የትኞቹ መጠኖች እንደተያዙ፣ የትኞቹ እንደተተዉ ካልተነገረ ትርጉም የለውም። ይዘት፣ ግፊትና መጠነ ሙቀት ብቻ ተይዘው ዝርዝሩ ከተተወ፣ ቁጥሩ ለሁሉም አንድ ነው፤ ምኞት አይለውጠውም። የሚያዙትን መጠኖች መምረጥም በዘፈቀደ አይደለም፤ ዓለም ራሷ አንዳንድ መጠኖችን በዝግታ፣ ሌሎቹን እጅግ በፍጥነት ስለምትለዋውጥ፣ ከአተም እጅግ የሚገዝፍና እጅግ የሚዘገይ ፍጡር ሁሉ ሊይዝ የሚችለው ያው ጥቂቶቹን ነው። የሲኒው ቡና መቀዝቀዝ የተፈጥሮ ድርጊት ነው። ድርጊቱን «ኢንትሮፒ ጨመረ» ብሎ መመዝገብ የሚቻለው ግን መዝገብ ለያዘ፣ በመዝገቡም ጥቂት ዓምዶች ብቻ ላሉት አካል ነው።

ይህ ፍርድ አንድ ነገር ሳይፈታ ይተዋል፤ መጠኖቹ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢመረጡ ቆጠራው ብቻውን ኢንትሮፒ ወደ ነገ እንደሚጨምር ሁሉ ወደ ትናንትም እንደሚጨምር ይናገራል። የሞገድ ሕጎችም እንዲሁ ናቸው። ከምንጭ ተነስቶ ወደ ዙሪያው የሚሰፋ ሞገድን እንደሚፈቅዱ ሁሉ፣ ከዙሪያው ተሰብስቦ ወደ አንድ ነጥብ የሚገባውንም ይፈቅዳሉ፤ የሚታየው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። በ1909 ቫልተር ሪትዝና አልበርት አይንስታይን በዚህ ላይ ተከራከሩ። ሪትዝ የሞገዱ ወደ ውጭ ብቻ መሄድ መሠረታዊ ሕግ ነው፣ ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግም ከእርሱ ይመነጫል አለ። አይንስታይን የሞገዱም አለመመለስ ከቆጠራና ከዕድል የሚመጣ ነው ብሎ ተቃወመው። አልተስማሙም፤ የማይስማሙበትን ነጥብ በጋራ ጽፈው በአንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ሪትዝ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ አብዛኞቹ የፊዚክስ ሊቃውንት ከአይንስታይን ጋር ናቸው፤ አቋማቸው ግን አንድ ተጨማሪ ሐቅ ይጠይቃል፤ ዓለም ስትጀምር ኢንትሮፒዋ እጅግ ዝቅተኛ ነበር። የኢንትሮፒ ቁጥር በሚያዙት መጠኖች ላይ ቢንጠለጠልም፣ ይህ አጀማመር ግን በማንም ዝግተኛ ዓይን ወይም ባልተያዘ መዝገብ ሊመካኝ አይችልም። የተመልካቹ ድርሻ እዚያ ላይ ያበቃል።